የታካሚው ሕዋስ በእጃችሁ ሲገባ፦ ነጭ የደም ሕዋሳትን በጨረራ ምልክት ለሚከታተሉ ባለሙያዎች

የዳሌ አንጓው በብረት የተተካለት ሰው ከዓመታት በኋላ ሕመሙ ተመልሶበታል። ራጅ ሲነሣ ብረቱ የላላ ይመስላል። ቀዶ ሐኪሙ አንድ ነገር ማወቅ አለበት፦ ብረቱ የላላው በዕድሜ ብዛት ነው ወይስ ዙሪያው አመርቅዟል? መልሱ ሕክምናውን ከሥሩ ይለውጠዋል። መላላት ብቻ ከሆነ በአንድ ቀዶ ሕክምና ብረቱ ሊቀየር ይችላል። ኢንፌክሽን ካለ ግን ብዙ ጊዜ ብረቱ መጀመሪያ ይወጣል፤ ታካሚው ለሳምንታት ፀረ ባክቴሪያ ይወስዳል፤ አዲሱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ጥያቄ ከሚመልሱት ምርመራዎች አንዱ በኑክሌር ሕክምና ክፍል የሚሠራው የነጭ ደም ሕዋሳት ክትትል ነው። ከታካሚው ደም ይቀዳል፤ ነጭ ሕዋሳቱ ተለይተው ራዲዮአክቲቭ ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ተመልሰው ለዚያው ሰው ይወጋሉ። ሕዋሳቱ እንደ ተፈጥሯቸው ባክቴሪያ ወዳለበት ይሄዳሉ፤ ጋማ ካሜራው ደግሞ የት እንደ ደረሱ ያሳያል። ማካፊና ታኩር እ.ኤ.አ. በ1976 ኢንዲየም-111ን ኦክሲን ከተባለ ውሕድ ጋር ለዚህ ሥራ ካቀረቡ በኋላ መንገዱ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ ፒተርስና ባልደረቦቹ ለንደን ውስጥ በቴክኒሺየም-99ኤም ኤችኤምፓኦ ያገኙትን የሕክምና ልምድ አሳተሙ። ሁለቱም መንገዶች እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል።

ይህ ጽሑፍ ሥራውን ለሚሠሩ፣ ሊጀምሩት ላሰቡና ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ለሚፈልጉ ባለሙያዎች የቀረበ ምክር ነው። የማምንበትን አስቀድሜ ልናገር። የምስሉ ዕጣ የሚወሰነው ታካሚው ካሜራው ሥር ከመተኛቱ ከሰዓታት በፊት፣ ሕዋሱ ከሰውነት ውጪ በቆየበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የዚህ ሙያ ትልቁ ብቃት በየደረጃው ቆሞ «ይህ ሕዋስ ደኅና ነው? የማንስ ነው?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱ ካላረካም ሥራውን ማቆም ነው።

ጥያቄውን ሳትይዙ ደም አትቅዱ

የምርመራ ትእዛዝ ላይ «ኢንፌክሽን ይታይ» ብቻ ተጽፎ ሲመጣ ስልክ አንሡና ሐኪሙን ጠይቁ። ቦታው የት ነው? ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል? መቼ? ምን መድኃኒት ይወስዳል? እነዚህን ሳታውቁ የምትጀምሩት ሥራ መልስ ሳይሰጥ ሊያልቅ ይችላል።

በሲሪንጃችሁ የሚሰበሰቡት ነጭ ሕዋሳት አብዛኞቹ ኒውትሮፊሎች ናቸው። ኒውትሮፊል ባክቴሪያና መግል ወዳለበት ፈጥኖ የሚደርስ ሕዋስ ስለሆነ ምርመራው በሰው ሠራሽ አንጓ፣ በስኳር ሕመምተኛ እግር አጥንትና በሰው ሠራሽ የደም ሥር ላይ ጥሩ ያገለግላል። የአከርካሪ አጥንት ግን ሌላ ነው። እዚያ ኢንፌክሽን እያለም ምስሉ ላይ ሕዋስ የጎደለበት ባዶ ቦታ ሊታይ ይችላል፤ ይህ ደግሞ በዕጢም፣ በአሮጌ ስብራትም ስለሚመጣ አያስተማምንም። ለአከርካሪ ኤምአርአይ ወይም ኤፍዲጂ ፔት ይሻላል።

በተለይ ለእኛ አገር ባለሙያዎች ክብደት ያለው ሌላ ጉዳይ አለ። በሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ የሚመጣ ሕመም፣ የአከርካሪው ቲቢ ጭምር፣ በብዛት የሚስበው ሊምፎሳይቶችንና ማክሮፋጆችን ነው። ኒውትሮፊል የሚከተል ምርመራ ቲቢን ሊስት ይችላል። ቲቢ የተጠረጠረበት ሰው በዚህ ምርመራ ምንም ስላልታየበት «ነጻ ነው» ተብሎ እንዳይሸኝ ጥርጣሬውን ለሐኪሙ አስታውሱ፤ በመዝገቡም ላይ ይስፈር።

የነጭ ደም ሕዋስ ቁጥሩንም ቀድማችሁ እዩ። በማይክሮሊትር ከ2,000 በታች ከሆነ ምልክት የሚቀበል በቂ ሕዋስ ማግኘት ይከብዳል። ስቴሮይድ፣ ፀረ ባክቴሪያ፣ ከፍ ያለ የደም ስኳርና የኩላሊት እጥበት የሕዋሱን ጉዞ ሊያዳክሙ ይችላሉ ተብሎ ስለሚታሰብ እያንዳንዱን መዝግቡ። አንባቢው ሐኪም ምስሉን የሚመዝነው ከዚህ ጋር ነው።

ከዚያ ምልክቱን ምረጡ። ቴክኒሺየም-99ኤም ግማሽ ዕድሜው 6 ሰዓት፣ የጋማ ጨረሩ ጉልበት 140 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ምስሉ ጥርት ይላል፤ ለእጅና ለእግር አጥንት ተመራጭ ነው። ነገር ግን ከሕዋሱ እየወጣ ወደ ኩላሊት፣ ወደ ፊኛና ከጥቂት ሰዓት በኋላ ወደ አንጀት ይገባል። ስለዚህ ሆድ በእርሱ ሲታይ ምስሉ ቶሎ መነሣት አለበት። ኢንዲየም-111 ግማሽ ዕድሜው 2.8 ቀን ሲሆን ሕዋሱ ውስጥ ጸንቶ ይቆያል፤ በአንጀትና በኩላሊት ስለማይወጣ ለሆድ ውስጥ መግልና ዘግይቶ ለሚነሣ ምስል ይመቻል። በዚያው ልክ የሚሰጠው መጠን ትንሽ ነው። ለኢንዲየም ከ10 እስከ 18.5 ሜጋቤክሬል፣ ለቴክኒሺየም ደግሞ ከ370 እስከ 740 ሜጋቤክሬል የተለመደ ነው።

ስም፣ ቁጥር፣ ፊት

በዚህ ሥራ ከሚደርሱ ጥፋቶች የሚከፋው የአንዱን ሰው ደም ለሌላው መውጋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በኑክሌር ሕክምና ሂደቶች ላይ ኤችአይቪ ካለባቸው ሰዎች የተወሰደ ደም ወይም ሌላ ነገር በስሕተት ለሌሎች ታካሚዎች የተወጋባቸውን አጋጣሚዎች ይፋ አድርጓል። ጥፋቱ የመጣው ከመለያና ከማረጋገጫ ጉድለት ነበር። ሲሪንጆች ይመሳሰላሉ፤ ደም ሁሉ አንድ ዓይነት ቀይ ነው። መለያ ያልተለጠፈበት ሲሪንጅ አንዴ ጠረጴዛ ላይ ካረፈ የማን እንደሆነ የሚናገር ነገር የለም።

ስለዚህ በአንድ የሥራ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ጊዜ የአንድ ሰው ደም ብቻ ይኑር። ሁለት ታካሚ በአንድ ቀን ካለ የተለያየ ቀለም ያለው መለያ ተጠቀሙ፤ የአንዱ ሥራ አልቆ ጠረጴዛው ሳይጸዳ የሌላውን ደም አታስገቡ። እያንዳንዱ ሲሪንጅ፣ ቱቦና የእርሳስ መያዣ መለያ ይለጠፍበት፤ መያዣው ላይ ብቻ ተለጥፎ ቱቦው ባዶውን አይቅር። ከመውጋታችሁ በፊት ሁለተኛ ባለሙያ መጥቶ መለያውን ጮክ ብሎ ያንብብ።

በውጭ አገር ሆስፒታል የምትሠሩ ደግሞ የወገኖቻችሁን ስም አጻጻፍ ታውቃላችሁ። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይመዘገባል፤ ተስፋዬ፣ ኃይሌ፣ ገብረማርያም የሚል ብዙ ሰው በአንድ ከተማ አለ፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም አንዱ ስም በሦስት ዓይነት ሊገኝ ይችላል። የልደት ቀንም ቢሆን በስደት ወረቀት ላይ ጃንዩዋሪ 1 ተብሎ የተሞላላቸው ብዙ እናቶችና አባቶች አሉ። ስምና የልደት ቀን ገጠመ ብላችሁ አትለፉ፤ የካርድ ቁጥሩንና የእጅ አምባሩን ጨምሩ። «አቶ ተስፋዬ ነዎት?» ብላችሁም አትጠይቁ፤ በደንብ ያልሰማ ሰው «አዎ» ሊል ይችላል። «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» በሉና እርሳቸው ይናገሩት።

ደሙ ከክንድ እስከ ቱቦ

ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ሚሊሊትር ደም ያስፈልጋል። ኤሲዲ የተባለው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ በሲሪንጁ ውስጥ ቀድሞ ይገባል፤ ለምሳሌ 9 ሚሊሊትር ኤሲዲ ለ51 ሚሊሊትር ደም። ወፍራም መርፌ፣ 19 ወይም 20 ቁጥር፣ ተጠቀሙና ሲሪንጁን በዝግታ ሳቡ። በቀጭን መርፌ በኃይል የተሳበ ደም ቀይ ሕዋሱ ይፈነዳል፣ ነጩም ይቆጣል። የተቆጣ ኒውትሮፊል ሲወጋ ሳንባ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ኢንፌክሽኑ ጋ የሚደርሰው ያንሳል።

ቀጥሎ ማስከን ነው። በደም ውስጥ ቀይ ሕዋሳት ከነጮቹ በመቶዎች እጥፍ፣ አንዳንዴም በሺህ እጥፍ ይበልጣሉ። ኦክሲን ደግሞ ሕዋስ አይመርጥም፤ ያገኘውን ሁሉ ምልክት ያደርግበታል። ቀዩ ካልተለየ ምልክቱን ተሸክሞ በደም ሥር ውስጥ ይዞራል፤ ምስሉ በሙሉ ይደበዝዛል። ሄታስታርች የመሰለ ማስከኛ ተጨምሮበት ሲሪንጁ ቀጥ ብሎ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆማል። ቡና ከጀበና ከመቀዳቱ በፊት እንዲሰክን እንደሚተወው ሁሉ እዚህም መቸኮል አተላውን ይዞ መምጣት ነው። መነቅነቅ አይገባም። ከላይ የሚቀረው ገለባማ ፈሳሽ ነጮቹን ይዟል፤ ቀስ ብላችሁ እርሱን ብቻ ውሰዱ።

ፕላትሌቶችን ለማስወገድ ይህ ፈሳሽ በሴንትሪፊውጅ በዝቅተኛ ኃይል፣ በ150 ጂ አካባቢ፣ ለ5 ደቂቃ ይዞራል። ነጮቹ ከሥር ይቀመጣሉ፣ ፕላትሌቶቹ ከላይ ይቀራሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመሣሪያው ላይ የሚታየውን የዙር ቁጥር እንደ ኃይል በመቁጠር ነው። ኃይሉ የሚወሰነው በዙሩና በማዞሪያው ራዲየስ ነው። ስሌቱ፦ 0.00001118 በራዲየሱ በሴንቲሜትር፣ ውጤቱ በደቂቃ ዙሩ ካሬ ሲባዛ። በደቂቃ 1,000 ዙር ራዲየሱ 10 ሴንቲሜትር በሆነ መሣሪያ ላይ 112 ጂ አካባቢ ይሰጣል፤ 16 ሴንቲሜትር በሆነው ላይ ግን 179 ጂ ይሆናል። ከሌላ ሆስፒታል የተቀዳ መመሪያ ስትጠቀሙ የራሳችሁን መሣሪያ ራዲየስ ለኩ፤ አስልታችሁ ያገኛችሁትን ዙር በወረቀት ጽፋችሁ መሣሪያው ላይ ለጥፉት።

ሕዋሱን ከቱቦው ሥር ስታነሡ በኃይል አትርጩት፣ አታረፋፉት፤ ቱቦውን በጣት ጫፍ እየነካካችሁ አላቁት። ሥራው ሁሉ ንጹሕ አየር በሚነፍስበት ካቢኔ ውስጥ፣ ከጀርም በጸዳ ዕቃ ይሁን፤ ይህ ፈሳሽ ተመልሶ ወደ ሰው ደም ሥር ይገባል።

ምልክቱ ሕዋሱ ውስጥ እንዲቀር

ኦክሲን ስብ ወዳድ ስለሆነ በሕዋሱ ሽፋን ያልፋል። ውስጥ ሲገባ ኢንዲየሙ ከሕዋሱ ፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃል፤ ኦክሲኑ ይወጣል። ነገር ግን ፕላዝማ ውስጥ ያለው ትራንስፌሪን ኢንዲየምን አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ምልክቱ በሚደረግበት ቱቦ ውስጥ ፕላዝማ ከቀረ ኢንዲየሙ ወደ ሕዋሱ ሳይሆን ወደ ትራንስፌሪን ይሄድባችኋል። ሕዋሱ በጨው ውኃ ታጥቦ ምልክቱን ይቀበል፤ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ በታካሚው በራሱ ፕላዝማ ውስጥ ይመለስ። ለዚህም የተወሰነ ፕላዝማ ቀድሞ ተለይቶ በከፍተኛ ኃይል ዞሮ ከሕዋስ ጸድቶ ይቀመጣል።

ኤችኤምፓኦም ስብ ወዳድ ሆኖ ይገባል፤ ሕዋሱ ውስጥ ወደ ውኃ ወዳድ ይለወጥና መውጣት ያቅተዋል። ጠላቱ ጊዜ ነው። ቴክኒሺየሙ ባለፉት 24 ሰዓታት ውስጥ ከታለበ ጀነሬተር፣ ከወጣም ገና 2 ሰዓት ያልሞላው ይሁን። ማረጋጊያ የሌለው ውሕድ ከተዘጋጀ በደቂቃዎች ውስጥ መበላሸት ስለሚጀምር ሕዋሱ ዝግጁ ሳይሆን ኤችኤምፓኦውን አትበጥብጡ። ሜቲሊን ብሉ የሚጨመርበት ማረጋጊያ ለአንጎል ምርመራ የሚያገለግል ነው፤ ለነጭ ሕዋስ አይሆንም። ሁለቱም በአንድ ሳጥን ውስጥ ሊገኙ ስለሚችሉ ብልቃጡን ከማንሣታችሁ በፊት መመሪያውን አንብቡ።

ከመውጋት በፊት አራት ጥያቄ

የመጀመሪያው፣ ምልክቱ ምን ያህል ገባ? ሕዋሱን አዙሩና ሕዋሱንና ከላይ የቀረውን ፈሳሽ ለየብቻ በዶዝ ካሊብሬተር ለኩ። የሕዋሱን መጠን ለሁለቱ ድምር አካፍሉ። ለምሳሌ ሕዋሱ ላይ 300፣ ፈሳሹ ላይ 200 ሜጋቤክሬል ካለ ምልክቱ የያዘው 60 በመቶ ነው። ለኤችኤምፓኦ ከ40 እስከ 80 በመቶ፣ ለኢንዲየም ደግሞ ከ50 በመቶ በላይ ይጠበቃል። የዕለቱ ቁጥር ከክፍላችሁ ልማድ በጣም ከወረደ ምክንያቱን ሳታገኙ አትለፉ፦ ፕላዝማ ቀርቶ ነው? ውሕዱ አርጅቶ ነው? ሕዋሱ አንሶ ነው?

ሁለተኛው፣ ሕዋሱ በሕይወት አለ? ትራይፓን ብሉ የሞተ ሕዋስ ውስጥ ይገባና ሰማያዊ ያደርገዋል፤ በሕይወት ያለው አያስገባውም። አዲስ አሠራር ስትጀምሩና በየጊዜው ለቁጥጥር በማይክሮስኮፕ እዩት።

ሦስተኛው፣ ተጣብቆ ተጓጉሏል? ቱቦውን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩ። የተጓጎለ፣ ክር የመሰለ ነገር ካለ አይወጋም፤ ሳንባ ላይ ይቀራል።

አራተኛው፣ ስንት ሰዓት ሆነ? ሕዋሱ ከሰውነት ውጪ በቆየ ቁጥር ይደክማል። ምልክቱ ባለቀ በ1 ሰዓት ውስጥ ለመውጋት አቅዱ። ይህ እንዲሆን ታካሚው የት እንደሚጠብቅ፣ የደም ሥር መስመሩ ክፍት መሆኑን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ካሜራው ሥር

የቴክኒሺየም ምስል በአጥንት ምርመራ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት፣ ከዚያ ከ3 እስከ 4 ሰዓት፣ በመጨረሻም ከ20 እስከ 24 ሰዓት ባለው ይነሣል። የመጀመሪያው ምስል የእናንተን ሥራ ይፈትናል፤ ሳንባው በፍጥነት ካልጠራ ሕዋሱ ተጎድቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ጉበት ከጣፊያ ይልቅ በጣም ከደመቀም አስቡበት፤ ደኅና ሕዋስ ጣፊያን ያደምቃል።

ኢንፌክሽንን ከተራ ብግነት የሚለየው ከጊዜ ጋር ያለው ለውጥ ነው። ኢንፌክሽን ባለበት ቦታ ሕዋሱ እየጨመረ ይሄዳል፤ ከ4 ሰዓት ወደ 20 ሰዓት ድምቀቱ ወይም ስፋቱ ያድጋል። ከቀነሰ ወይም ባለበት ከቆየ ኢንፌክሽን የመሆን ዕድሉ ይወርዳል። ንጽጽሩ እውነተኛ እንዲሆን የጨረራውን መቀነስ በጊዜ አካክሱት። በ3 ሰዓት ላይ 100 ሰከንድ የወሰደ የቴክኒሺየም ምስል በ20 ሰዓት ላይ ተመሳሳይ ቆጠራ እንዲያገኝ 710 ሰከንድ አካባቢ፣ 12 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ሁለቱንም ምስሎች በአንድ ዓይነት የቀለም ልኬት አሳዩ። የኋለኛውን ለብቻው ማድመቅ የሌለ ኢንፌክሽን ሊፈጥር ይችላል።

መጀመሪያ ላይ ያነሣነው የዳሌ ብረት ግን ሌላም ጉዳይ አለው። ነጭ ሕዋስ መቅኔ ውስጥም ይገባል፤ ብረት የገባበት አጥንት ደግሞ መቅኔው ያለ ቦታው ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ጥርጣሬ ሲኖር ቴክኒሺየም ሰልፈር ኮሎይድ ተሰጥቶ የመቅኔ ምስል ይነሣል። ነጭ ሕዋሱ ያለበት ቦታ ላይ መቅኔም ካለ ግኝቱ መቅኔ ነው፤ ነጭ ሕዋስ ኖሮ መቅኔ ከሌለ ኢንፌክሽን ነው። ታካሚው በሌላ ቀን ተመልሶ መምጣት ሊኖርበት ስለሚችል ከመጀመሪያው ንገሩት።

የራሳችሁ እጅ

በዚህ ሥራ ጣቶቻችሁ ለረዥም ጊዜ ከምንጩ አጠገብ ይቆያሉ። ዓለም አቀፉ የጨረራ ጥበቃ ኮሚሽን ለሠራተኛ ያወጣው ገደብ ለመላ አካል በ5 ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት፣ ለእጅ ደግሞ በዓመት 500 ሚሊሲቨርት ነው። የደረት መለኪያችሁ ዝቅ ብሎ ቢታይም የእጃችሁን አይናገርም፤ የጣት ቀለበት መለኪያ ጠይቁ፤ መለኪያው ወደ ምንጩ ዞሮ ከጓንቱ ሥር ይሁን። ሲሪንጁ በተንግስተን ይሸፈን፤ ቱቦ በረዥም መያዣ ይነሣ። ከምንጩ ያላችሁን ርቀት በእጥፍ ስትጨምሩ የሚደርስባችሁ ወደ ሩብ ይወርዳል። አዲስ ሠራተኛ መላ ሂደቱን ራዲዮአክቲቭ ባልሆነ ፈሳሽ ደጋግሞ ይለማመድ፤ እጅ ሲፈጥን ጨረራው ይቀንሳል፤ ሕዋሱም ይተርፋል።

ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ባልደረባ ቶሎ ብታሳውቅ ሥራዋ በጊዜ ይስተካከላል። ኃላፊዎች ይህ እንደ ስንፍና እንዳይቆጠርባት የማድረግ ግዴታ አለባችሁ። ደሙ ራሱም አደጋ እንዳለው አትርሱ፤ የመርፌ ጫፍን መልሶ መክደን ይቅር።

ለታካሚው ምን ትሉታላችሁ

ታካሚው ግማሽ ቀኑን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀኑን ይሰጣችኋል። «ደሜን ወስደው ምን ያደርጉበታል?» የሚል ስጋት በልቡ ይዞ ዝም ሊል ይችላል። ሳይጠይቃችሁ ንገሩት። ለአንዲት አረጋዊት እናት እንዲህ ማለት ይቻላል፦

«እማማ፣ ከክንድዎ ጥቂት ደም እንወስዳለን። ከእርሱ ውስጥ በሽታ የሚከላከሉትን ሕዋሳት ለይተን፣ ካሜራው እንዲያያቸው ምልክት አድርገንባቸው፣ ያንኑ የራስዎን መልሰን እንሰጥዎታለን። የሌላ ሰው ደም አይገባብዎትም። ሥራው ጥቂት ሰዓት ይፈጃል፤ እስከዚያው እዚሁ ያርፋሉ። ነገም ለአንድ ተጨማሪ ፎቶ ይመለሳሉ።»

ስለ ጨረራው ሲጠይቁ ቁጥሩን አትሸሽጉ። በቴክኒሺየም በ370 ሜጋቤክሬል 4 ሚሊሲቨርት አካባቢ፣ በኢንዲየም በ18 ሜጋቤክሬል ከ6 እስከ 7 ሚሊሲቨርት ይደርሳቸዋል። ከተፈጥሮ ብቻ በዓለም አማካይ ሰው በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ያገኛል። እርግዝናንና ጡት ማጥባትን ደም ከመቅዳታችሁ በፊት፣ ሌላ ሰው በሌለበት ጠይቁ፤ የምታጠባ እናት ማቋረጥ ካለባት ወተቷን አስቀድማ አልባ እንድታስቀምጥ ይረዳታል። አስተርጓሚ ካስፈለገ ልጅን ወይም ጎረቤትን አትጠቀሙ፤ የሠለጠነ ሰው ጥሩ።

ሙያው ወዴት ይሄዳል

ዛሬ ካንሰርን ለመዋጋት የታካሚው ቲ ሕዋስ ወጥቶ፣ በላብራቶሪ ተለውጦ ይመለሳል፤ ካር ቲ የሚባለው ሕክምና ነው። ከተወጋ በኋላ ዕጢው ጋ መድረሱን የደም ምርመራ ብቻውን አይናገርም። የቆየው የኢንዲየም መንገድ እዚህ ይቸገራል፤ ሊምፎሳይት ለጨረራ ስስ ነው፤ የኢንዲየም አጭር ርቀት የሚሄዱ ኤሌክትሮኖች ይጎዱታል። ሕዋሱ ሲባዛም ምልክቱ ይከፋፈላል፤ ሲሞት ደግሞ ምልክቱ በሌላ ሕዋስ ተውጦ የሞተውን እንደ ሕያው ያሳያል።

ለዚህ ሦስት መንገዶች እየተሠራባቸው ነው። አንደኛው 78 ሰዓት ግማሽ ዕድሜ ያለውን ዚርኮኒየም-89ን በኦክሲን ሕዋስ ውስጥ አስገብቶ በፔት መከታተል ነው፤ ፔት ጥቂት ጨረራ ስለሚበቃው የሕዋሱ ጉዳት ሊቀንስ ይችላል። ሁለተኛው ሕዋሱ ራሱ ምልክት ሳቢ ፕሮቲን እንዲሠራ ዘረመል መስጠት ነው፤ ልጆቹም ይወርሱታል፣ ከሞተ ደግሞ ምልክቱ የለም። ሳንጂቭ ጋምቢር የመሩት የስታንፎርድ ቡድን ከባልደረቦቹ ጋር የአንጎል ዕጢ ባለባቸው ታካሚዎች ላይ ይህን በፍሎሪን-18 ፔት አሳይቶ እ.ኤ.አ. በ2009ና በ2017 አሳትሟል። ሦስተኛው ሲዲ8 የተባለውን የቲ ሕዋስ መለያ የሚይዝ አነስተኛ ፀረ አካል ዚርኮኒየም አሸክሞ መውጋት ነው፤ ደም ቀድቶ ሕዋስ መለየት አያስፈልግም።

ወጣት ባለሙያ ከዚህ ምን ይውሰድ? ፔትን ተማሩ። ሕዋስ መቁጠርን፣ ከጀርም የጸዳ አሠራርን፣ መዝገብ አያያዝን አጥብቃችሁ ያዙ፤ የሕዋስ ሕክምና ክፍሎች የሚፈልጉት እነዚህኑ ነው። በነጭ ሕዋስ ጠረጴዛ ላይ የታነጸ እጅ እዚያም ይሠራል።

ማቆም የሚችል ሰው ሁኑ

በመጨረሻ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ገጽ ክፈቱ፦ ደሙ የተቀዳበት ሰዓት፣ ማስከኑ የወሰደው ደቂቃ፣ የተያዘው ምልክት በመቶኛ፣ የተወጋበት ሰዓት፣ ሳንባው የጠራበት ጊዜ፣ በኋላም ቀዶ ሐኪሙ ያገኘው። ይህን የመጨረሻውን በስልክ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ባለሙያ የሚያድገው መልሱን ሲሰማ ነው። ገጾቹ ሲከማቹ የክፍላችሁን ልማድ ያሳዩአችኋል፤ ከልማዱ የወጣ ቀንም ወዲያው ይታወቃችኋል።

ያ ቀን ሲመጣ ሕዋሱን አትውጉ። ሦስት ሰዓት ደክማችሁበት፣ ታካሚው ከሩቅ መጥቶ፣ ሐኪሙ ውጤት እየጠበቀ ማቆም ይከብዳል። ቢሆንም መለያው ያጠራጠረ፣ የተጓጎለ ወይም ምልክቱን ያልያዘ ሕዋስ ለታካሚው ጨረራ እንጂ መልስ አይሰጠውም፤ መለያው የተሳሳተ ከሆነ ደግሞ ሕይወቱን ሊያሳጣው ይችላል። ለታካሚው በግልጽ ንገሩት፤ ለሐኪሙ ምክንያቱን ጻፉለት፤ አዲስ ቀጠሮ ያዙ። የክፍል ኃላፊ የሆናችሁ ደግሞ በታናሽ ባለሙያ አፍ «ይህ አይወጋም» የሚለው ቃል ሲወጣ አትቆጡት፤ በሰው ፊት አመስግኑት። ያን ቃል የሚፈራ ሠራተኛ ያለበት ክፍል ስሕተቱን የሚያውቀው ከታካሚው ጉዳት ነው።